እድር መላእክትን አይጠብቅም

ሰሞኑን ስለ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የተጻፈ አንድ መጣጥፍ አነበብኩ። ጸሐፊው በወጣትነታቸው «ስታር ትሬክ» የተባለውን የአሜሪካ የቴሌቪዥን ድራማ ይወዱ እንደነበር ያወሱና፣ ዛሬ ግን እንደዚያ ያለው ተስፋ የዋህነት መስሎ እንደሚታያቸው ይናገራሉ። ድራማው የሚያሳየው ረኀብ የጠፋበት፣ ሰው ለገንዘብ ብሎ መሥራት ያቆመበት፣ ምድር በአንድነት የምትተዳደርበት መጪ ዘመን ነው። ይህ ሊሆን አይችልም ይላሉ። እንቅፋቱ ቴክኖሎጂው ሳይሆን ሰው ራሱ ነው ብለውም ያምናሉ። ሰው በተፈጥሮው ጨካኝ ነው፤ የሕግ ልጓም ቢወልቅለት አውሬነቱ ይወጣል። ሰው አይጠግብም፤ ያለ ክፍያም አይሠራም። ሰው ጎሰኛ ነው፤ ጠላት ከሌለው ጠላት ይፈጥራል። በምድር ላይ ገነት እንሠራለን ያሉ ሁሉ ያተረፉት ሬሳ ነው፤ ለዚህም ደርግን ይጠቅሳሉ። በመጨረሻም ችግር የሌለበት ኑሮ ምን ጣዕም አለው ብለው ይጠይቃሉ። የሁሉም ማሰሪያ «የእባብ ልጅ እባብ» የሚለው ተረት ነው።

መጣጥፉ ባማረ አማርኛ የተጻፈ በመሆኑ ነው ዝም ማለት ያቃተኝ። ተስፋ መቁረጥ አንደበተ ርቱዕ ሲሆን ማስተዋል ይመስላል፤ ሃያ ዓመት ያልሞላው አንባቢም «ለካ ምንም ማድረግ አይቻልም» ብሎ ይነሣል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ። ዓ.ም. ብዬ ካልጠቀስኩ በስተቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጸሐፊው የሰውን ጨካኝነት ለማስረዳት ያቀረቡት ዋና ማስረጃ ልብ ወለድ ነው። እንግሊዛዊው ዊልያም ጎልዲንግ በ1954 ባሳተመው ታሪክ ውስጥ ሰው አልባ ደሴት ላይ የቀሩ ተማሪዎች ቀስ በቀስ አውሬ ሆነው ይገዳደላሉ። ኃይለኛ መጽሐፍ ነው። ነገር ግን ደራሲው ከራሱ ያፈለቀው ነው፤ አንዱን ፈጠራ በሌላ ፈጠራ ማፍረስ ማስረጃ ሊባል አይችልም። እንዲህ ያለው ነገር በእውን ደርሶ ያውቃልና እውነተኛውን ልንገራቸው።

በሰኔ 1965 በፓስፊክ ውቅያኖስ በምትገኘው በቶንጋ ስድስት የአዳሪ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የአንድ ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ወስደው ወደ ባሕር ወጡ። ማዕበል ሸራቸውን ቀደደው፤ የጀልባዋን መሪም ሰበረው። ለስምንት ቀን ያህል ውኃው እንደወሰዳቸው ሄደው አታ ከምትባል ገደላማ ደሴት ደረሱ። በደሴቲቱ ላይ ሰው አልነበረም። ያልነበረበት ምክንያትም በ1863 የባሪያ ነጋዴዎች መርከብ መጥቶ ከነዋሪዎቹ መካከል ከመቶ በላይ የሚሆኑትን አታልሎ ስለወሰደ፣ የቶንጋ ንጉሥም የተረፉትን ወደ ሌላ ደሴት ስላዛወረ ነው። ስለዚህ ልጆቹ የገቡት የሰው ክፋት ባዶ ባስቀረው መንደር ውስጥ ነበር። በዚያ ላይ ለ15 ወራት ያህል ኖሩ። እሳት አንድደው ሳያጠፉ ጠበቁ። ግንድ ቦርቡረው የዝናብ ውኃ አጠራቀሙ። ሥራውን ተራ በተራ፣ ሁለት ሁለት እየሆኑ ሠሩ። አንዱ ከገደል ወድቆ እግሩ ሲሰበር በእንጨት አስረው ጠገኑለት፤ እስኪድንም የእርሱን ሥራ ተካፈሉለት። በመስከረም 1966 ፒተር ዋርነር የተባለ አውስትራሊያዊ መርከበኛ ሲያገኛቸው ስድስቱም በሕይወትና በጤና ነበሩ። ጸሐፊው የሚወዱት ድራማ ለመጀመሪያ ጊዜ በቴሌቪዥን የታየውም በዚያው ወር ነው።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን የሚገርመኝ ደግነታቸው ብቻ አይደለም። ይጣሉም ነበር። ሲጣሉ ግን የተጣሉት ሁለቱ ወደ ደሴቲቱ ሁለት ዳርቻ ሄደው ቁጣቸው እስኪበርድ እንዲቆዩ ደንብ አውጥተው ነበር። እንደማንኛችንም የሚቆጡ ልጆች ነበሩ፤ ለቁጣቸው አስቀድመው ቦታ ያዘጋጁለት። ስድስት ጓደኛሞች የዓለም ሕዝብ አይደሉም ቢሉኝ እቀበላለሁ። የጎልዲንግ ልጆች ግን ስድስትም አይሞሉም፤ አንድም የሉም።

ሁለተኛው ማስረጃቸው በ1971 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተደረገው የእስር ቤት ሙከራ ነው። ተማሪዎች ግማሾቹ እስረኛ ግማሾቹ ዘብ ሆኑ፤ ለሁለት ሳምንት የታቀደው ነገር ዘቦቹ ስለከፉ በስድስተኛው ቀን ቆመ። ይህ ታሪክ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በየመማሪያ መጽሐፉ ተነግሯል። በኋላ የሙከራው ቅጂዎች ሲደመጡ ግን ዘቦቹ ጠንከር እንዲሉ በአዘጋጆቹ ይመከሩና ይገፋፉ እንደነበር ታውቋል። ያልጨከነውን ዘብ ጠርተው ለሳይንስ ሲባል እንዲጨክን አግባቡት። እዚህ ላይ የሚታየው ልጓሙ ሲወልቅ የሚወጣ አውሬ አይደለም። ከበላይ የመጣ ትእዛዝና «ለበጎ ዓላማ ነው» የሚል ቃል ነው። ይህ ደግሞ ይበልጥ ያስፈራል፤ ወደ ደርግ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

ሰው ደግ ነው እያልኩ እንዳይመስልብኝ። ለሰባት ዓመት የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነበርኩና ሰውን ከነአመሉ አውቀዋለሁ። ጥሩምባ ሲነፋ መስኮቱን ዘግቶ የሚተኛ አለ። ድንኳን ሲተከል ወገቤን የሚል፣ ንፍሮ ሲቀርብ ግን ከፊት የሚቀመጥ አለ። መዋጮውን ሦስት ወር አዘግይቶ ሐዘን ሲደርስበት ቀድሞ የሚጮህ አለ። አንድ ጊዜ ከመዝገቡ ላይ ጉድለት ተገኝቶ ገንዘብ ያዣችን በጠቅላላ ጉባኤው ፊት ቆሞ እንዲመልስ አድርገናል፤ ሁላችንም አንገታችንን ደፍተን ነበር። ይህ ሁሉ ሆኖ በእነዚያ ሰባት ዓመታት ከሰፈራችን አንድም ሰው ያለ ቀባሪ አልተቀበረም። ሀብታሙም፣ በቀን ሥራ የሚያድረውም፣ ዘመድ የሌላት አሮጊትም በአንድ ዓይነት ድንኳን ተሸኝተዋል።

ይህ እንዴት ሆነ? የእድሩን ደንብ የጻፉት ሰዎች ሰው ሰነፍ፣ ረሺ፣ አልፎ አልፎም እጁ የማይታመን መሆኑን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ስለዚህ የስም ጥሪ አለ፣ የቅጣት ገንዘብ አለ፣ ከባንክ ለማውጣት ሦስት ፊርማ ያስፈልጋል፣ ከኮሚቴው ውጪ የሚመረጥ ተቆጣጣሪ አለ፣ ሰብሳቢው በምርጫ ይወርዳል። እድር መላእክትን ቢጠብቅ ኖሮ እስከ ዛሬ አንድም አስከሬን አያነሣም ነበር። መልካም መጪ ዘመን ይቻላል የምለውም በዚሁ ልክ ነው። ጸሐፊው ሰው እንከን የለሽ መሆን አለመቻሉን ያስረዱና መልካም ማኅበረሰብ መመሥረት አለመቻሉን ያስረዱ ይመስላቸዋል። ሁለቱ ለየቅል ናቸው።

ወደ አለመጥገብ እንሂድ። እዚህ ላይ ግማሹን ልስጣቸው። ታላቁ የኢኮኖሚ ሊቅ ኬይንስ በ1930፣ በመቶ ዓመት ውስጥ ሀብት ስለሚበዛ ሰው በሳምንት 15 ሰዓት ብቻ ይሠራል ብሎ ነበር። ሀብቱ እርሱ እንዳለው በበለጸጉት አገሮች በዛ፤ የሥራው ሰዓት ግን እርሱ እንዳለው አልቀነሰም። ስለዚህ መትረፍረፍ ብቻውን ማንንም አያሳርፍም። ምግብን ከምንም የሚያወጣ ማሽን ቢፈለሰፍ እንኳ የማሽኑ ባለቤት ማን ነው የሚለው ጥያቄ ይቀራል። በዚህ እንስማማለን።

«የሁሉም የሆነውን ሁሉም ይቦጠቡጠዋል» የሚለው ቃላቸው ግን እውነት አይደለም። በ1968 ጋሬት ሃርዲን የተባለ አሜሪካዊ ይህንኑ ብሎ ዓለምን አሳምኖ ነበር፤ የጋራ ግጦሽ መጥፋቱ አይቀርም አለ። ኤሊኖር ኦስትሮም የተባለች የአገሩ ልጅ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ የጋራ ግጦሽ፣ የጋራ ውኃና የጋራ ደን ያላቸውን ሕዝቦች አጥንታ ሳያጠፉ ለምዕተ ዓመታት የኖሩ ብዙ መሆናቸውን አሳየች። በ2009 በኢኮኖሚ ዘርፍ የኖቤል ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በስዊዘርላንድ ተራራ ላይ ያለው የተርበል መንደር በ1517 ያወጣው ደንብ ማንም ሰው በክረምት መቀለብ ከሚችለው በላይ ላም ወደ ጋራው ግጦሽ እንዳይሰድ ይከለክላል።

ወደ ስዊዘርላንድም መሄድ አያስፈልግም። ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ላይ የጓሳ ምድር አለ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ከፍ ያለ ብርዳም ሜዳ ነው፤ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው የጓሳ ሣር የሚበቅልበት፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት። የመንዝ ሰው ይህን ምድር ለአራት መቶ ዓመታት ያህል በራሱ ደንብ ሲጠብቀው ኖሯል። ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ አለቆቹ ቀን ቆርጠው ይከፍቱታል፤ ሁሉም በድርሻው ያጭዳል፤ ከዚያ እንደገና ይዘጋል። ከቀኑ ቀድሞ ማጭድ ያነሣ ይቀጣል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲመጣ ያ አሮጌ ሥርዓት ፈረሰ፤ ምድሩ የመንግሥት ተባለ፤ ጠባቂ አጣና ይጎዳ ጀመር። ከዚያ በኋላ ነዋሪዎቹ ራሳቸው ኮሚቴ አቋቁመው ጥበቃውን አስመለሱ። እንግዲህ ጸሐፊውን የምጠይቃቸው ይህን ነው፤ በ1967 ዓ.ም. የመንዝ ገበሬ ተፈጥሮ ተለወጠ? ከዚያስ ተመልሶ ተለወጠ? ሰውየው ያው ነው፣ ማጭዱም ያው። የተለወጠው ሥርዓቱ ነው።

ያለ ክፍያ የሚሠራ የለም ለሚለው አጭር መልስ አለኝ። ዊኪፒዲያ ከ2001 ጀምሮ የተጻፈው አምስት ሳንቲም በማይከፈላቸው ሰዎች ነው፤ በአማርኛም አለ። ደቦና ወንፈል ስንት ማሳ እንዳጨዱ ደግሞ ለገበሬ ልጅ አይነገርም።

ስለ ጎሰኝነት የጻፉት ክፍል ከሁሉ ያሳዘነኝ ነው፤ አገራችን ያለችበትን እያየሁ እንዴት አላዝን። «ጎረቤቱን ያልታገሠ ሕዝብ ከዋክብት ላይ ምን ሊሠራ» ይላሉ። ሕመሙ የእኔም ነው። ግን ጎሰኝነት የሚጠፋ ባይሆን እንኳ የሚነቃና የሚተኛ ነገር ነው። ሙዛፈር ሸሪፍ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ በ1954 በኦክላሆማ ልጆችን በሁለት ቡድን ከፍሎ በውድድር አጣላቸው፤ እስከ መደባደብ ደረሱ። ይህን ሁሉም ያወራዋል። የማይወራው ግን ከአንድ ዓመት በፊት ያደረገው ተመሳሳይ ሙከራ መክሸፉ ነው፤ እነዚያኞቹ ልጆች ከመከፈላቸው በፊት ተዋውቀው ስለነበር ለመጣላት እምቢ አሉ። በኦክላሆማም ቢሆን የተጣሉት ልጆች የውኃ መስመር በተቋረጠባቸው ጊዜ አብረው ጠግነዋል፤ ካምፑ ሲያበቃ ብዙዎቹ ተቀላቅለው ነው ወደ ቤታቸው የተመለሱት።

ልጆች ናቸው ቢባል፣ የመንግሥታትን ታሪክ ላንሣ። በ1958 የሶቪየት ኅብረት ልዑክ ፈንጣጣን ከምድር ላይ እናጥፋ የሚል ሐሳብ ለዓለም ጤና ድርጅት አቀረበ። በ1967 ዘመቻው ሲጠናከር የመራው አሜሪካዊው ዶናልድ ሄንደርሰን ነበር። ክትባቱን በብዛት የለገሰችው ሶቪየት ስትሆን፣ የሰጠችው ከአንድ ቢሊዮን መጠን በላይ ነው። ይህ የሆነው ሁለቱ አገሮች የኑክሌር ሚሳይል ተደጋግነው በቆሙበት፣ ቬትናም በምትነድበት ዘመን ነው። ዘመቻው ኢትዮጵያ ውስጥ በ1971 ሲጀመር በዚያ ዓመት ብቻ ከ26,000 በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። መንገድ አልነበረም። መሀል ላይ አብዮት መጣ። ከታቾቹ ግን በበቅሎም በእግርም መሄዳቸውን አላቆሙም፤ የመጨረሻው ኢትዮጵያዊ ሕመምተኛ በ1968 ዓ.ም. ክረምት በኦጋዴን በኩል ተገኘ። ከዚያ በሽታው ወደ ሶማሊያ ተሻገረ። በጥቅምት 1977፣ ኢትዮጵያና ሶማሊያ በታንክ በሚዋጉበት ወር፣ በዓለም ላይ በተፈጥሮ ፈንጣጣ የያዘው የመጨረሻው ሰው በመርካ ከተማ ታመመ፤ ዳነም። በ1980 ፈንጣጣ ጠፋ ተብሎ ታወጀ። በሃያኛው መቶ ዓመት ብቻ ሦስት መቶ ሚሊዮን ያህል ሰው እንደገደለ የሚገመት በሽታ ነው። ያጠፉት እርስ በርስ የማይተማመኑ፣ ከፊሎቹም የሚገዳደሉ ሕዝቦች ናቸው። እስኪፋቀሩ ድረስ ቢጠበቅ ኖሮ ዛሬም ልጆቻችን በታመሙ ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ነጥብ ደረስኩ። ገነት እንሠራለን ያሉት ደም አፍስሰዋል። ይህን አላስተባብልም፤ በቀይ ሽብር ወንድሟን ያጣች እናት ያሳደገችኝ ነኝና ማስተባበል አልችልም። «አዲሱ ሰው» ይፈጠራል ተባለ፣ ሕዝቡ ከቀዬው እየተነቀለ በመንደር ተሰበሰበ፣ ወጣቱ በየመንገዱ ተረሸነ። ካምቦዲያም በ1975 ከዚህ የባሰውን አይታለች። እነዚህን ሁሉ የሚያመሳስላቸው ግን ምንድን ነው? እኩልነትን መመኘታቸው ነው? አይመስለኝም። የሚያመሳስላቸው «ተሳስታችኋል» የሚል ሰው መታሰሩ ወይም መገደሉ፣ መሪው በምርጫ አለመውረዱ፣ መዝገቡን የሚያይ ተቆጣጣሪ አለመኖሩ፣ ለመውጣት የፈለገም በር ማጣቱ ነው። እድራችን ውስጥ ያለው ሁሉ እዚያ የለም። የስታንፎርዱ ትእዛዝ ግን አለ፤ ለበጎ ዓላማ ሲባል ጨክን።

በዚያው ዘመን፣ በዚያው አገር ሌላ ሙከራ ነበር፤ ጸሐፊው አንድ ቃል እንኳ አለመተንፈሳቸው ይገርመኛል። በ1972 ዙምራ ኑሩ የተባሉ ገበሬ ከጥቂት ተከታዮቻቸው ጋር ደቡብ ጎንደር ፎገራ ውስጥ አውራ አምባን መሠረቱ። እዚያ ወንድ ይጋግራል፣ ሴት ታርሳለች። ሥራና ገቢው የጋራ ነው፤ አረጋውያን በማኅበሩ ይጦራሉ፤ መንደሩ ቤተ መጻሕፍት ሠርቷል። ጎረቤቶቻቸው እንደ እብድ ቆጥረዋቸዋል፤ በደርግ ዘመን መጨረሻ ተሰድደው እስከ ቦንጋ ደርሰው ተመልሰዋል። ሌላውን ግን አላሰደዱም። አባል መሆን የማይፈልግ አይሆንም፤ የከፋው ይወጣል። አውራ አምባ እንከን የለሽ ናት አልልም። ከሃምሳ ዓመት በላይ መቆየቷና ማንንም አለመግደሏ ግን «ገነት እንሠራለን ያለ ሁሉ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ያፈርሰዋል። በእስራኤል ያሉት ኪቡጽ የሚባሉት የጋራ እርሻ መንደሮችም እንዲሁ ናቸው። የመጀመሪያው በ1910 ተመሠረተ፤ በብዙዎቹ ልጆች ከወላጆቻቸው ተለይተው በጋራ ቤት ያድሩ ነበር። እናቶቹ ልጄ ከእኔ ጋር ይደር አሉ፤ ማኅበሩም ተከራክሮ፣ ድምፅ ሰጥቶ ያንን ልማድ ተወው። እዚህ ላይ የሰው ተፈጥሮ በእርግጥ እምቢ ብሏል። እምቢታው ስለተደመጠ ግን ደም አልፈሰሰም።

የ«ስታር ትሬክ» ፈጣሪ ጂን ሮደንቤሪም የሰውን ክፋት የማያውቅ ሕልመኛ አልነበረም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቦምብ ጣይ አውሮፕላን አብራሪ ሆኖ 89 ጊዜ ተሰማርቷል፤ ከዚያም በሎስ አንጀለስ ፖሊስ ነበር። በድራማው ታሪክም ሰላሙ የመጣው ከሦስተኛ የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በድራማው የጠፈር መርከብ መሪ ላይ ያስቀመጠው ተዋናይ ጆርጅ ታኬ በአምስት ዓመቱ ጃፓናዊ ደም ስላለው ብቻ ከቤተሰቡ ጋር በአሜሪካ መንግሥት የታሰረ ልጅ ነበር።

«የእባብ ልጅ እባብ» የሚለውን ማሰሪያቸውን በአንድ ጥያቄ ልፍታው። አርስቶትል አንዳንዱ ሰው በተፈጥሮው ባሪያ ነው ብሎ ጽፏል። በእኛም አገር ሰው መሸጥና መግዛት እንደ ዝናብና እንደ ፀሐይ ሲታይ ኖሮ በ1942 በአዋጅ ተከለከለ። ክልከላው ከወጣ ሦስትና አራት ትውልድ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ደማችን አልተለወጠም። የቀድሞው ስድብ ዛሬም በአንዳንድ አፍ እንዳለ አውቃለሁ፤ ያሳፍረኛልም። ገበያው ግን የለም። «ተፈጥሮ ነው» የተባለው ነገር አዋጅ፣ ዳኛና ጊዜ ሲያገኝ ተፈጥሮ አለመሆኑ ታወቀ።

የቀረው ችግር የሌለበት ኑሮ ጣዕም የለውም የሚለው ነው። የአያቴ ፊት በፈንጣጣ የተበሳሳ ነበር። ሁለት እህቶቿን በዚያው በሽታ በአንድ ሳምንት ቀብራለች። ከታቾቹ ወደ መንደራቸው በመጡ ጊዜ የሸሸው ሰው ብዙ ነበር፤ ክንድ ላይ የሚወጋው መርፌ ያስፈራ ነበርና። እርሷ ግን አራት ልጆቿን በተርታ አሰልፋ፣ ነጠላዋን አደግድጋ፣ ከሁሉ ቀድማ ቆመች። እናቴ ከአራቱ ሦስተኛዋ ነበረች። ክንዷ ላይ ያለችውን ክብ ጠባሳ እያሳየች ነው ይህን የነገረችኝ።